መንግሥቱ ወርቁን ሦስት ጊዜ ሣልኩት

የእግር ኳስ ተጫዋቹን የመንግሥቱ ወርቁን ፊት ሦስት ጊዜ ሥያለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሸራዎች አልጋዬ ሥር ናቸው። ሦስተኛው አባቴ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል። ይህን የምጽፈው የሚወደውን ተጫዋች በዘይት ቀለም ለመሣል ላሰበ ሰው ነው። የሥዕል ትምህርት ቤት አልገባሁም። ቀን ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሥዕል የማታና የእሑድ ሥራዬ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት አለፈው። የምነግራችሁ ተሳስቼ ያረምኩትን ነው።

መጀመሪያ ለምን መንግሥቱን እንደመረጥኩ ልናገር።

አባቴ በ1954 ዓ.ም. የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ጥር 13፣ እሑድ፣ የጥምቀት ሰሞን፣ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ስታዲየም ገባ። ኢትዮጵያ ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ አዘጋጅታ ለፍጻሜ ደርሳለች። ተጋጣሚዋ ግብፅ ናት። ያን ጊዜ ስሟ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ነበር። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ። አንዴ ግርማ ተክሌ፣ አንዴ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረጉ። በተጨማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛዋን አገባ። ጨዋታው ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው መንግሥቱ አራተኛዋን አከለ። 4 ለ 2። አምበሉ ሉቺያኖ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ተቀበለ። አገራችን ከዚያ ወዲህ ያንን ዋንጫ መልሳ አላነሳችም።

አባቴ ይህን ታሪክ በየዓመቱ ጥምቀት ሲመጣ ያወራል። ልጅ ሆኜ ተረት ይመስለኝ ነበር። ሳድግ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ስለ ሦስቱ ጎሎች ሲያወራ እጁን እያወናጨፈ፣ ኳሷ ከየት እንደመጣች እያሳየ ነው። አራተኛዋ ላይ ሲደርስ ግን «ከዚያ መንግሥቱ አገባ!» ብሎ ያልፋል። ምክንያቱን ያወቅኩት ሥዕሉን ስሠራ ነው። እመለስበታለሁ።

መንግሥቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ልጅ ነው። በአፍሪካ ዋንጫ በአጠቃላይ 10 ጎል አስቆጥሯል። ጫማውን ከሰቀለ በኋላም ብሔራዊ ቡድኑን አሠልጥኗል። ያረፈው በ2003 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ነው። የዚያን ቀን አባቴ ሬዲዮኑን አጥፍቶ ደጅ ወጥቶ ለረጅም ጊዜ ቆመ። «አንድ ቀን እሥልልሃለሁ» ያልኩት ያኔ ነው። ያን ጊዜ እርሳስ እንኳ በደንብ መያዝ አልችልም ነበር።

ወደ ሥራው ልግባ። ነገሩ ሁሉ ከፎቶው ይጀምራል።

አባቴ ጋ ከአሮጌ ጋዜጣ የተቆረጠች፣ ከመዳፍ ያነሰች ምስል ነበረች። ዕድሜ ልኩን በመጽሐፍ መሐል ያስቀመጣት ናት። እሷን አስፍቼ ማተሚያ ቤት አሳተምኩ። ትልቅ ስህተት ነው። የጋዜጣ ፎቶ በነጠብጣብ የተሠራ ነው። ስታሰፉት ነጠብጣቡ ይሰፋል እንጂ ፊቱ አይገለጥም። ዓይኑ ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ሆነ። አፍንጫው ከጉንጩ አልለይ አለ። እኔም ያልታየኝን ከራሴ ሞላሁ። ከራሳችሁ የሞላችሁት ደግሞ የዚያ ሰው ፊት አይሆንም። የምታውቁት የብዙ ሰው ፊት ድብልቅ ነው የሚወጣው።

ከብዙ ፍለጋ በኋላ በእድሜ የገፉ የእግር ኳስ ወዳጅ ከአልበማቸው አንድ የታጠበ ፎቶ አዋሱኝ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ግን ጥርት ያለ። ብርሃኑ ከአንድ ወገን፣ ከግራ ከፍ ብሎ ይመጣል። ግማሽ ፊቱ በርቷል፣ ግማሹ ጥላ ውስጥ ነው። ለዘይት ቀለም የሚመች ፎቶ እንዲህ ያለው ነው። በፍላሽ ፊት ለፊት የተነሳ ፎቶ ጥላውን ሁሉ ስለሚያጠፋው ፊቱ እንደ ሳህን ይለጠጣል። ዛሬ ያሉ ተጫዋቾችን የምትሥሉ ሰዎች ሺህ ፎቶ ስለምታገኙ እድለኞች ናችሁ። ግን ከሺሁ አንዱን ምረጡ። ዓይኑን ከአንዱ፣ አፉን ከሌላው አታዋጡ። የብርሃኑ አቅጣጫ ይጋጫል፤ የሚያየውም ሰው ምኑ እንደሆነ ሳያውቅ ይከብደዋል። ሌሎቹን ፎቶዎች ጆሮው በጎን ምን እንደሚመስል፣ ፀጉሩ ከየት እንደሚጀምር ለመረዳት ብቻ ተጠቀሙባቸው። ጥርስ የሚያሳይ ሳቅ ለጀማሪ አልመክርም። የእያንዳንዱን ጥርስ ጠርዝ ከለቀማችሁ ፊቱ ይበላሻል። የተዘጋ አፍ ይሻላል።

ሥዕሉን ልትሸጡት ካሰባችሁ ፎቶውን ያነሳውን ሰው ወይም ቤተሰቡን አስፈቅዱ። የእኔ ለአባቴ ስለነበር ያዋሱኝን ሰው ጠየቅኩ፣ በደስታ ፈቀዱልኝ።

የሸራው ነገር አጭር ነው። መርካቶ ወፍራም አቡጀዲ ገዛሁ። አናጺ ሃምሳ በስድሳ ሳንቲ ሜትር ቴላዮ፣ ማለትም ሸራው የሚወጠርበትን የእንጨት ፍሬም ሠራልኝ። ጨርቁን ከመሐል ወደ ዳር እየወጠርኩ መታሁት። ዘይት ቀለም ባዶ ጨርቅ ላይ አይቀባም። ዘይቱ ክሩ ውስጥ ይገባና ጨርቁን ከጊዜ በኋላ ያበሰብሰዋል። መጀመሪያ ኮላ፣ ከዚያ ለሥዕል የተዘጋጀውን ነጭ መደብ ቀለም ሁለት ሦስት ዙር መቀባት፣ በየመሐሉ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ። የግድግዳ ጀሶ በውሃ በጥብጠው የሚቀቡ አሉ። እኔም ሞክሬው ነበር፤ ሸራው ትንሽ ሲታጠፍ እየተሰነጠቀ ረገፈ። አቅሙ ካላችሁ ዝግጁ ሸራ ግዙና ጊዜያችሁን ለፊቱ አውሉት።

የፊቱ መጠንም ይታሰብበት። ከእውነተኛ ሰው ፊት ትንሽ ቢያንስ ጥሩ ነው። ከእውነተኛው የሚበልጥ ፊት ሳሎን ውስጥ ያስጨንቃል።

አሁን የመጀመሪያውን ሸራ ታሪክ ልንገራችሁ።

መንግሥቱን መሐል አቆምኩት። ከኋላው ስታዲየሙ፣ ሕዝቡ፣ ሰንደቅ ዓላማው፣ በቀኝ በኩል ዋንጫው። አገጩን ሰፋ አደረግኩ። ዓይኑን ተለቅ፣ ትከሻውን ገዘፍ። ጀግና ነው ብዬ ስለማምን እያንዳንዱን ነገር ከፎቶው ትንሽ ትንሽ ጨመርኩለት። ሁለት ወር ፈጀብኝ። አባቴን ጠርቼ አሳየሁት። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ አየው።

«እጅሽ ተባረከ፣ ልጄ። ስታዲየሙን አውቄዋለሁ» አለኝ። ትንሽ ቆየና፣ «ሰውየው ግን ማነው?» አለ።

አልተከፋሁም ብል ውሸት ነው። ሁለት ሳምንት ቀለም አልነካሁም። ቆይቶ ግን አባቴ ልክ እንደሆነ ገባኝ። ፍቅሬን ሥያለሁ፣ ሰውየውን ግን አልሣልኩም። የምናደንቀውን ሰው ስንሥል እጃችን ሳናዝዘው ያስውባል። መመሳሰል ደግሞ የሚመጣው ከጥቃቅኑ ልክ ነው። በሁለቱ ዓይኖች መሐል ያለው ርቀት በሁለት ሚሊ ሜትር ከሰፋ ሌላ ሰው ነው። አፍንጫና የላይኛው ከንፈር መሐል ያለው ክፍተት ከረዘመ ሌላ ሰው ነው። በተለይ አንዱ ቅንድብ ከሌላው ከፍ ያለ ከሆነ «ላስተካክለው» እንዳትሉ። ያ ሰው የሚታወቀው በዚያ ነው።

ሁለተኛው ሸራ ላይ ንድፉን ጊዜ ሰጥቼ ሠራሁ። ፎቶውን በስስ ላስቲክ አልብሼ ላዩ ላይ ካሬ ካሬ አሰመርኩ። ሸራው ላይም ያንኑ ቁጥር ያህል ካሬ በከሰል አሰመርኩ። ከዚያ በእያንዳንዱ ካሬ ውስጥ ያለውን ብቻ ማየት ነው። «ይህ ዓይን ነው» ማለት አቁሙ። «ይህ ወደ ግራ የተጋደመ ጥቁር ቅርጽ ነው» በሉ። የዓይን መስመር የራስ ቅሉ አጋማሽ ላይ ነው የሚያርፈው። ብዙ ሰው ግንባርን ይረሳና ዓይንን ወደ ላይ ይሰቅለዋል። እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር።

ፎቶውንም ሸራውንም ገልብጣችሁ፣ አናቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ሣሉ። ሰው ሲገለበጥ ፊት መሆኑ ይረሳል፣ ቅርጹ ብቻ ይቀራል። ደግሞ በየሰዓቱ ሥዕሉን በመስታወት እዩት። በቀጥታ ስታዩት ዓይናችሁ የለመደው ጥመት በመስታወት ወዲያው ይጮኻል።

አንድ የራሳችን ልማድም አስቸግሮኝ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። እዚያ ቅዱሳኑ ፊት ለፊት፣ በሁለት ትልልቅ ዓይን ያዩናል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣሉት ክፉዎቹ ናቸው። እጄ ይህን ሳላውቀው ተምሮታል መሰለኝ። ፎቶው ላይ መንግሥቱ ፊቱን ትንሽ ወደ ጎን አዙሯል። የራቀው ዓይን ከቅርቡ ጠበብ ማለት አለበት። እኔ ግን ደጋግሜ እኩል አደርገዋለሁ። በመለኪያ ሦስት ጊዜ ለክቼ ነው እጄን ያሳመንኩት። ያንን ሥዕል እስከዛሬ እወደዋለሁ፤ ግን እሱ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ሸራ ስለዚህ ይመስል ነበር። ንድፉን ያየ ሁሉ «መንግሥቱ» አለ። ቀለም ስቀባው ሞተ።

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ላውራ፤ ብዙ ወዳጆቼ የሚወድቁት እዚሁ ነው። የጠይም ሰው ቆዳ በዘይት ቀለም መሥራት ራሱን የቻለ ነገር ነው። ብዙ የማስተማሪያ ቪዲዮ የሚያሳየው የነጭ ሰው ቆዳ ነው። ያንን ይዤ ቡናማ ወሰድኩ። ለብርሃኑ ነጭ ጨመርኩ፣ ለጥላው ጥቁር ጨመርኩ። ውጤቱ አመድ የተነሰነሰበት ፊት ሆነ። ነጭ ቀለም ቡናማን ከማብራት ይልቅ ያቀዘቅዘዋል፣ ኖራ ያስመስለዋል። ጥቁሩ ደግሞ ጥላውን ጥቀርሻ አደረገው።

በዚያ ላይ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። የመንግሥቱ ቆዳ ምን ዓይነት ጠይም እንደሆነ አይነግረኝም። ቀይ ይበዛዋል? ቢጫ ይበዛዋል? ፎቶው የሚነግረኝ የቱ ጋ እንደበራና የቱ ጋ እንደጨለመ ብቻ ነው።

መላው ከአባቴ መጣ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሳሎኑ መስኮት አጠገብ አስቀመጥኩት። ብርሃኑ እንደ ፎቶው ከግራ ከፍ ብሎ እንዲመጣ አደረግኩ። ከዚያ ቀለም ደባልቄ በቀለም መደባለቂያው ስለት ጫፍ ይዤ ወደ ግንባሩ አስጠጋሁት። እስኪመሳሰል ድረስ ደባለቅኩ። ወደ ጉንጩ፣ ወደ ጆሮው፣ ወደ አገጩ ጥላ እንዲሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ተቀመጠልኝ። ለካ ፊት አንድ ቀለም አይደለም። ግንባሩ ወደ ወርቅማ ያደላል። ጉንጩ፣ አፍንጫውና ጆሮው ደም ስለሚበዛባቸው ቀላ ይላሉ። አገጩ ጢም ስላለበት ወደ ሰማያዊ ይቀዘቅዛል። ከሁሉ የደነቀኝ ግን የሚያብረቀርቀው ቦታ ነው። ጠይም ቆዳ ላይ ብርሃን ሲያርፍ የሰማዩን ቀለም ይመልሳል። ግንባሩ ላይ ያለችው ብልጭታ ነጭ አይደለችም፣ ሰማያዊ የነካት ናት።

የደባለቅኩትን እነግራችኋለሁ። ለጨለማው ጥላ በርንት አምበር (ጠቆር ያለ ቡናማ) ከአልትራማሪን ሰማያዊ ጋር፣ ላይዋ ላይ የአሊዛሪን ቀይ ጠብታ። ይህ ከጥቁር ይልቅ ሕይወት ያለው ጨለማ ይሰጣል። ለመካከለኛው በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ) ከትንሽ አምበር ጋር። ለበራው ወገን በርንት ሲየና፣ የሎው ኦከር (አፈርማ ቢጫ)፣ ትንሽ ካድሚየም ቀይ። ሲያስፈልግ ብቻ ነጭ፣ እሱም በመጨረሻ። ማብራት ስትፈልጉ መጀመሪያ ወደ ኦከሩ ሂዱ፣ ነጩን አዘግዩት። ለብልጭታዋ ነጭና እጅግ ትንሽ ሰማያዊ፣ በአንድ ምት፣ ሳትነካኩ።

ከዚያ ቀለሙን ከጥቁርና ነጭ ፎቶ ጋር ማስታረቅ ነበረብኝ። ካርቶን ላይ ከጥቁር እስከ ነጭ ዘጠኝ ደረጃ ግራጫ ሠራሁ። ከእያንዳንዱ ግራጫ ጎን ከአባቴ ፊት ያገኘኋቸውን ቡናማዎች በዚያው የብርሃን ደረጃ ደባልቄ ቀባሁ። አሁን ፎቶው ላይ አንድ ቦታ «አራተኛ ግራጫ» ከሆነ፣ የአራተኛው ቡናማ ምን እንደሆነ ካርቶኑ ይነግረኛል። ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ ሥዕሉን በስልክ አንሱና ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ከፎቶው ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ልዩነቱ የት እንዳለ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንደዚህ የጠቀመኝ ነገር የለም።

አባቴ አራተኛዋን ጎል የነገረኝ ያን ቀን ጠዋት ነው። ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳለ፣ እኔ ስለቱን ግንባሩ አጠገብ ይዤ፣ በድንገት ጀመረ።

«አላየኋትም እኮ» አለኝ።

«ምኗን?»

«አራተኛዋን። ኳሷ ስትመጣ ከፊቴ ያሉት ሰዎች ሁሉ ብድግ አሉ። እኔ አጭር ነበርኩ። ጀርባ ብቻ ነው ያየሁት። ጩኸቱን ሰማሁ። ወንድሜ አንገቴን አቅፎ «መንግሥቱ! መንግሥቱ!» አለኝ። ስድሳ ምናምን ዓመት ሙሉ እንዳየ ሰው ሳወራ ኖርኩ።»

ከዚያ በኋላ ለዓመታት ስታዲየሙ ውስጥ ሚስማር ተራ በሚባለው ቦታ ሆኖ ብዙ ጨዋታ አይቷል። መንግሥቱንም ደጋግሞ አይቶታል። ግን ሁልጊዜ ከሩቅ። ፊቱን በቅርብ ያየው በዚያች የጋዜጣ ቁራጭ ላይ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ሦስተኛውን ሸራ ስጀምር ስታዲየም የለም፣ ዋንጫ የለም፣ ሰንደቅ የለም። ፊትና ትከሻ ብቻ። ሰዎች መሐል ሳይቆም፣ ማንም ሳይጋርደው።

የማሊያው ነገር አሳስቦኝ ነበር። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ቀይና አረንጓዴ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። በግምት ቀለም መስጠት አልፈለግኩም። ብዙ ሰው የሚያስታውሰውን ማሊያ አሳስቶ መቀባት ከባድ ነው። ስለዚህ ትከሻውን በቡናማው የመጀመሪያ ንብርብር ላይ ተውኩት፣ አንገትጌው ብቻ ተለየ። ቀለሙ ሁሉ ፊቱ ላይ ሆነ። ከሌለኝ ማስረጃ የመጣ ውሳኔ ነው፤ ሥዕሉን ግን የጠቀመው ይመስለኛል። ዓይን ሌላ የሚሄድበት ቦታ አጣ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ንድፉ ላይ በርንት አምበርን በተርፔንታይን አቅጥኜ ጥላና ብርሃኑን በሙሉ በአንድ ቀለም ሠራሁ። አምበር ቶሎ ይደርቃል፣ ለመጀመሪያው ንብርብር የሚመረጠው ለዚህ ነው። በዚህ ደረጃ ሰውየው ካልመሰለ ወደ ቀለም አትሂዱ። ቀለም ስህተትን አይሸፍንም። እኔ ይህን ደረጃ ሁለት ጊዜ በጨርቅ ጠርጌ እንደገና ጀምሬያለሁ።

ሁለተኛው ንብርብር ላይ ትንሽ የተልባ ዘይት ይጨመራል፣ ሦስተኛው ላይ ትንሽ ተጨማሪ። ሕጉ ይህ ነው፤ ከታች የቀጠነ፣ ከላይ ዘይት የበዛበት። ተገላቢጦሽ ከሆነ ላይኛው ቀድሞ ይደርቅና የታችኛው ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ሸራዬ ሰማይ ላይ እስከዛሬ ስንጥቁ አለ። የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም ተኖ አይደርቅም። ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው። ስለዚህ ጊዜ ይፈልጋል። ሦስተኛውን የጀመርኩት ሚያዝያ ላይ ነው። ንብርብሩ በሳምንት ይደርቅልኝ ነበር። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጠነክር ያው ቀለም ሁለት ሳምንት ፈለገ። ከሰል አንድጄ አጠገቡ አላስቀመጥኩም፣ እናንተም አታድርጉት። ጥላሸቱም ሙቀቱም ሥዕሉን ይጎዳል።

ዘይቱ ለሥዕል የተጣራ የተልባ ዘይት ይሁን። የወጥ ዘይት አይሆንም፤ ወር ቢቆይም ሙጭጭ እንዳለ ይቀራል። ተርፔንታይን ሲጠፋ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን አኳራጅ ወሰድኩ። ብሩሽ ለማጠብ ጥሩ ነው። ለሥዕሉ ግን ንጹሑን ፈልጉ። መስኮት ክፈቱ፣ ሽታው ራስ ምታት ነው።

አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨምድዳችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ። ሲደርቅ ራሱ ሙቀት ያወጣል፣ ተጨምድዶ ሲከመር ማንም ሳይለኩሰው በራሱ ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ክዳን ባለው ቆርቆሮ አስቀምጡ። ልጆች ባሉበት ቤት የምትሠሩ በተለይ።

ዓይኑን በመጨረሻ ሠራሁ። የዓይን ነጭ ነጭ አይደለም። ግራጫ ነው፣ የላይኛው ቆብ ጥላ ይጥልበታል። ንጹሕ ነጭ ብትቀቡት የደነገጠ ሰው ይሆናል። ብልጭታዋ ብሌኑ መሐል ላይ አትውደቅ። ብርሃኑ ከሚመጣበት ወገን፣ ከፍ ብላ፣ አንዲት ነጥብ። በራቀው ዓይን ላይ ያለችው ይበልጥ ደብዛዛ ትሁን። ያቺን ነጥብ ከማድረጌ በፊት ሦስት ቀን ሸራውን ዝም ብዬ አየሁት። አንድ ማታ ከሥራ መጥቼ፣ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣ አደረግኳት። ወደ ኋላ ሄጄ አየሁ። አየኝ።

ከዚያ በኋላ ብሩሹን እጠቡ። እውነቴን ነው። ሁለተኛውን ሸራ የገደለው ግማሹ «ትንሽ ላስተካክል» ነበር። ሥራው ሲያልቅ ከክፍሉ ውጡ፣ ሳምንት ቆይታችሁ ተመለሱ። ያኔም የሚረብሻችሁ ነገር ካለ እሱን ብቻ ንኩ። እኔ ስመለስ የረበሸኝ የአንገቱ ጥላ ብቻ ነበር፣ ትንሽ አለዘብኩት።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ በታክሲ አባቴ ቤት ወሰድኩት። ያልደረቀ ሥዕል ስታጓጉዙ ፊቱ ላይ ፌስታል አታልብሱ፣ ይጣበቃል። አራቱ ማዕዘን ላይ የቡሽ ቁራጭ አድርጌ ካርቶን ከደንኩበት።

አባቴ መነጽሩን ጠርጎ አደረገ። መጀመሪያ ከበሩ ሆኖ አየው። ከዚያ ወንበሩን ጎትቶ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ተቀመጠ። የዘይት ሥዕል በዚያ ቅርበት አይታይም፣ ምቱ ብቻ ነው የሚታየው። «አባባ፣ ራቅ ብለህ ብታየው ይሻላል» አልኩት።

«ራቅ ብዬማ አይቼዋለሁ» አለኝ።

ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ፈልጎ ነበር። የቀጥታ ፀሐይ አንዳንዱን ቀለም፣ በተለይ አሊዛሪኑን ያደበዝዘዋል ብዬ ወደ ጎን ግድግዳ አዛወርነው። መስታወትም እንዳይደረግበት ነገርኩት፣ የዘይት ቀለም አየር ይፈልጋል። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ብቻ እንዲያነሳ አሳየሁት። በእርጥብ ጨርቅ እንዳይነካው ለቤት ሠራተኛዋም አደራ አልኳት።

አሁን የቀረው ቫርኒሹ ነው። ከላይ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ገና ነው። ከስድስት ወር እስከ ዓመት መጠበቅ ያስፈልጋል። ቀድሞ ከተቀባ እርጥበቱ ታፍኖ ይቀራል። ንብርብሩን ስስ አድርጌ ስለሠራሁት ስድስት ወር ይበቃዋል ብዬ አሰብኩ። ለአባቴ በጣቴ እየቆጠርኩ ነገርኩት፤ ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር።

«ጥር ስንት ቀን ልትመጪ ነው?» አለኝ።

«አንተ የፈለግከውን።»

ተነስቶ የቀን መቁጠሪያው ጋ ሄደ። የዘንድሮው ስለሆነ ጥር አልፏል። ቢሆንም ያለፈውን ቅጠል ገልጦ 13ን በብዕር ከበባት።